እኛ ቤት ቀድሞ የሚያልቀው ድምፅ ነው

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣት የጤና ባለሙያዎችና መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። «ጽሑፉን ላኪልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከቅጂው ላይ እንዳለ አወረድኩት። የተደጋገመውንም አልቆረጥኩም።)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ?

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? አይሰማም? ማይኩ እንደምታዩት ዛሬ እረፍት ወጥቷል። እንግዲያው እናንተ ወደ ፊት ኑ። እኔ አልጮህም። ኑ፣ ኑ፣ የፊት ወንበር አይናከስም። እዚያ ጋ ያላችሁትም ተጠጉ። ለምን እንደማልጮህ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እንዲያውም የመጣሁት እሱን ልናገር ነው።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ አክብራችሁን ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ከናይት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ ባልደረቦቼ አላችሁ። ዓይናችሁን አይቼ ለይቻችኋለሁ። እንቅልፍ ቢወስዳችሁ አልቀየምም፤ ብቻ አታንኮራፉ፣ አዳራሹ ያስተጋባል። መምህራን፣ ጠመኔው ገና ከእጃችሁ ያልለቀቀ፣ እናንተም እንኳን መጣችሁ። ባለቤቴ እዚያ ጥግ ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ ሰዓት እያየ ነው።

የሰጡኝ ርዕስ «ሥራን፣ ትዳርንና ጥበብን ማመጣጠን» ይላል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ የሙዚቃ መምህር ነው። ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ አመሻሹ ላይ ቤት ለሚመጡ ልጆች ኪቦርድና ድምፅ ያሳያል። ሁለታችንም እንዘፍናለን። ክላሲካል። እሱ ባሪቶን፣ ወፈር ያለው የወንድ ድምፅ፤ እኔ ሶፕራኖ፣ ቀጭኑ የሴት ድምፅ። ሴት ልጅ አለችን፣ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ደግሞ ሁሉም ነገር ናት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው። «ጊዜውን ከየት ታመጡታላችሁ?» ይላሉ። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጊዜ ይገኛል። ተጣቦም ተሸርፎም ይገኛል። ስልካችን ላይ የምናፈሰውን ጊዜ ብትሰበስቡት አንድ ኦፔራ ይወጣዋል። እኛ ቤት የሚያልቀው ሌላ ነገር ነው። እኛ ቤት የሚያልቀው ድምፅ ነው። ልድገመው። እኛ ቤት ቀድሞ የሚያልቀው ድምፅ ነው።

ጤፍ ሲያልቅ ሰፌዱ ይናገራል። ዘይት ሲያልቅ ጠርሙሱ ይናገራል። ድምፅ ሲያልቅ ማን ይናገራል? እሱ ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ይመጣል። እኔ አስራ ሁለት ሰዓት ማዋለጃ ክፍል ቆሜ እመጣለሁ። ከዚያ ልምምድ አለ። ልጅቷ ተረት ንገሩኝ ትላለች። እናቴ ትደውላለች። ይኼ ሁሉ የሚከፈለው ከአንድ ኪስ ነው። ከዚህች። (ጉሮሮዬን ነክቼ ነበር።)

ስለዚህ ሦስት ነገር ልናገር ነው። አንደኛ ስለ ድምፅ ራሱ፣ ሁለተኛ ስለ ፕሮግራም፣ ሦስተኛ ስለ ገንዘብ። ሦስተኛውን ቶሎ እጨርሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡም ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ስለ እኛ።

የተገናኘነው እዚሁ ጅማ፣ እኔ ተማሪ ሆኜ በምዘምርበት የመዘምራን ኅብረት ውስጥ ነው። እሱ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ ተመድቦ የመጣ አዲስ መምህር ነበር። ኅብረቱን እንዲያሠለጥን ለመኑት። በመጀመሪያው ቀን እያዞረ አንድ በአንድ አዳመጠን። እኔ ጋ ሲደርስ አይኔን ሳያይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከጉሮሮሽ ነው የምትዘምሪው። አምስት ዓመት አትቆዪም።» በቃ። ይኼ ነው የፍቅር ጥያቄው። ተናድጄ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ «እሺ ከየት ነው የሚዘመረው?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እያሳየኝ ነው፤ ገና አልጨረሰም።

ቤተሰብ ቀላል አልነበረም። አማቴ ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሴት ነበሩ። ግን መጀመሪያ ሲሰሙኝ «ሌሊት አዋላጅ፣ ቀን አዝማሪ፤ ለልጄ መቼ ነው ወጥ የምትሠሪለት?» አሉኝ። አዝማሪ የሚለውን ቃል እንዴት እንዳሉት እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኛ አገር በዘፈን ያለቅሳል፣ በዘፈን ይድራል፣ ዘፋኙን ግን ልጁን አይድርለትም። በኋላ እኒሁ አማቴ በልምምድ ሰዓት ልጃችንን አዝለው ደጅ ይዞሩልን ጀመር። የቤቱን በር ገርበብ ያደርጉታል። እንዲሰማቸው መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ጎረቤትስ? እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ስንኖር ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስኬል እሠራ ነበር። «ኣኣኣኣኣ» እያልኩ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት በኮዳ ጸበል ይዘው መጡ። ለባለቤቴ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ቶሎ ካልተያዘ ይጠናል» አሉት። እሱ መሳቁን ትቶ ቢያስረዳ ምን ነበረበት? «አመሰግናለሁ እማማ» ብሎ ጸበሉን ተቀበለ። እስከ ዛሬ አላስረዳም።

እሺ፣ አንደኛ። ድምፅ ራሱ።

እጃችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉ። ሁላችሁም፣ መምህራንም። አሁን አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ነዘረ? እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ፣ የድምፅ አውታሮች የምንላቸው። የአንዲት አዋቂ ሴት አውታር ርዝመት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሴት ስትናገር በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ይገጣጠማሉ። ወንድ ሲናገር 110 ገደማ። ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙባትን «ላ» ስዘፍን ደግሞ በሰከንድ 440 ጊዜ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ባለቤቴ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው 10 ደቂቃ ብቻ ነው እንበል። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው። በ110 አባዙት፣ 66 ሺህ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ? ወደ 400 ሺህ። 400 ሺህ ጊዜ አጨብጭባችሁ ታውቃላችሁ? መዳፋችሁ ምን ይሆናል? ያውም ይኼ ዝግ ብሎ ሲያወራ ነው። ስልሳ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል፣ ጠመኔ እየበነነ፣ «ዝም በሉ!» እያለ ሲጮህ ደግሞ ግጭቱ ይከራል። መምህር ሆኖ ድምፁ የሚሻክር ሰው የበዛው ለምን ይመስላችኋል? ሰነፎች ስለሆኑ ነው? እስቲ እዚህ ካላችሁት መምህራን መካከል ሐሙስና አርብ ድምፁ የማይዘጋ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም።

ሐኪሞች ይኼን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩ በር የከፈተላቸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዘፈን መምህር ነው። ማኑኤል ጋርሲያ ይባላል፣ ስፔናዊ። እ.ኤ.አ. በ1854 ረጅም እጀታ ያላትን የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው ከተተ፤ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ አንጸባረቀ፤ የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲሠሩ አየ። በዓመቱ ያየውን ለንደን ላይ ለሳይንቲስቶች አቀረበ። ሐኪሞቹ ከሱ ተቀበሉ። ባልደረቦቼ፣ አስቡት፦ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዛሬ የሚያየውን ለማየት መንገድ ያሳየው ኖታ ይዞ የሚያስተምር ሰው ነው። 101 ዓመት ኖረ። ባለቤቴ ይኼን ዕድሜ ለተማሪዎቹ ደጋግሞ ይነግራል፣ መቶ ዓመት የሚያኖረው ስኬል ይመስል።

ለዚሁ ጋርሲያ ጄኒ ሊንድ የምትባል ስዊድናዊት ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1841 ድምፅዋን ጨርሳ መጣች። ምን አዘዘላት? ዝም በይ አላት። ለሳምንታት ዝም! ከዚያ አስተማራት፣ ዓለምን ዞረች። ፒያኖ የሚያጅባትን ሰው አገባች። በኋላም ለንደን የዘፈን መምህርት ሆነች። እንግሊዝ አገር ኖሪች ከተማ ላይ ደግሞ ከኮንሰርቷ በተገኘ ገንዘብ የሕፃናት ሆስፒታል ተቋቁሟል። መዝፈን፣ ማስተማር፣ ትዳር፣ ሕክምና፣ አራቱም። እኔ ግን የምወድላት ያንን ዝምታ ነው። ድምፅ አጥቶ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቃል አይደል? ማር በዝንጅብል። የጅማ ማር ደግሞ! እኔም እወዳለሁ። ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ እውነት ነው። ግን የምትውጡት ነገር የድምፅ አውታራችሁን አይነካም። በሌላ መንገድ፣ በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው። ከነካውማ ትን ይላችኋል። ወደዚያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ እንፋሎት ይደርሳል፣ ውሃ ደግሞ ውሎ አድሮ ከውስጥ ያርሳል። ሹክሹክታም እረፍት አይደለም፤ ሰው ሲያንሾካሹክ ያው ማንቁርቱን ጨምቆ ነው። ዝም ካላችሁ ዝም በሉ። ጫት አፍ ያደርቃል። ይኼን ጅማ ላይ ስናገር ማን ቀና እንደሚል፣ ማን ጫማውን እንደሚያይ አውቃለሁ። ቡናንስ ተይ አሉኝ። ጅማ ላይ! አልተውኩም። አንድ ሲኒ ቡና፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ እንዲህ ነው የታረቅነው። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ማሩን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይኼን እንደ ዘፋኝ ሳይሆን እንደ ነርስ ነው የምላችሁ።

አሁን ለምን እንደማልጮህ።

ማዋለጃ ክፍል የገባ ሰው ያውቃል። «ግፊ! ግፊ! አይዞሽ! ዺቢ! ጀባዹ!» ሁላችንም እንጮሃለን። እናትየው ትጮሃለች፣ እኛ እንጮሃለን፣ ደጅ ቤተሰቡ ይጮሃል። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ እኔም ስጮህ አድር ነበር። ጠዋት ወጥቼ ለባጃጁ ሰው «ቆጪ» ለማለት ድምፅ አጣ ነበር። በጣቴ ነው የማሳየው።

አንድ ሌሊት አንዲት ልጅ እግር መጣች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ደክሟታል፣ ፈርታለች። እኔ በማግስቱ ማታ የምዘፍነው አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፄን ልቆጥብ ብዬ ነው፣ ስለሷ አስቤ አይደለም። ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አልኩና ዝግ ባለ ድምፅ፣ ባለቤቴ እኔን በሚያሠለጥንበት አነጋገር «አሁን ሽሽሽ እያልሽ አየሩን ቀስ አድርገሽ ልቀቂው፤ እንደገና፤ ረዘም አድርጊው» አልኳት። ዘፋኝ ዲያፍራሙን፣ ከሳንባ ሥር ያለውን የትንፋሽ ጡንቻ፣ የሚያሠለጥንበት ልምምድ ነው። ትከሻዋ ወረደ። መንጋጋዋ ፈታ አለ። ስትገፋም ትንፋሿ አልባከነም። ከዚያ ሌሊት በኋላ መጮህ ተውኩ። ሴት ልጅ በምጥ ሰዓት የምትሰማው ጩኸት አላነሳትም እኮ፤ እኛ ምን እንጨምርላታለን?

ከማዋለጃ ክፍል ወደ ቤት የመጣብኝ ደግሞ አለ። በየሠላሳ ደቂቃው የፅንስ ልብ እንቆጥራለን፣ ፓርቶግራፍ በምንለው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ እንሞላለን። ጤነኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ባለቤቴ ለልምምድ ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሲከፍት 96 ላይ ያደርገዋል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኔ መዝፈን አልችልም። ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ጆሮዬ 96 ሲሰማ «ልጁ ተጨንቋል፣ እናቲቱን በጎን አስተኛት፣ ሐኪም ጥራ» ነው የሚለው። ስንት ጊዜ ተጣልተናል መሰላችሁ! «ዜማው ዝግ ያለ ነው» ይላል። «ልቡ እየወደቀ ነው» እላለሁ። አሁን ዝግ ያለ ዜማ ሲኖረን ሜትሮኖሙን ዘግቶ በእጁ ይመታልኛል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ ብዬ ነበር። ግን ማስተማሩን ሳልነግራችሁ ባልፍ እሱ ይቀየማል።

ክላሲካል ስንል ብዙ ሰው የፈረንጅ ብቻ ይመስለዋል። ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ሲያዜም አውሮፓ የት ነበረች? ኦፔራ የተወለደው ከሱ በሺህ ዓመት ዘግይቶ ነው። ይኼን ለፉክክር አይደለም የምናገረው። ልጅ የሚመጣው ከቤቱ የሰማውን ጆሮ ይዞ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ ያስወጣዋል። ልጁ ዶ ይላል፣ ሬ ይላል፣ ሚ ይላል፣ ከዚያ ፋን ዘሎ ሶል ላይ ቁጭ! ላ ይላል፣ ሲን ዘሎ ዶ። ሁለት ደረጃ እንደጎደለው መሰላል። ምን ሆኖ ነው? ምንም አልሆነም። ትዝታ እየዘፈነ ነው! የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ፋና ሲ የሉበትም። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ «ተሳሳትክ» ይል ነበር። አሁን «ያንተም ትክክል ነው፤ ሁለት ጎረቤት ልጨምርልህ» ይላል። ልጁ አይሸማቀቅም።

አንዱ ተማሪው ቤቱ መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ትንፋሽ ላስተምረው ቢል ልጁ ከመምህሩ ይበልጥ ረዥም ትንፋሽ አለው። አያቱ መንዙማ ይመሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚያስተምር እኔ እንጃ።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራም።

በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው መድረክ የምንወጣው። ክረምት ላይ አንይዝም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው መዝፈን ከጀመረ ማንም ሶፕራኖ አትችለውም። የዲዩቲ ፕሮግራም ሲወጣ ፍሪጁ ላይ እንለጥፋለን። የኔ ናይት በቀይ፣ የሱ ፈተና በሰማያዊ፣ ልምምድ በአረንጓዴ። አረንጓዴው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። እንዲህ እናድርግ ተባብለን የምንጽፈው ያምራል። ይሠራል ወይ? አንዳንዴ።

አንድ ጊዜ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው ቦታ ነው የምሠራው ያኔ። ኮንሰርቱ ቅዳሜ ማታ ነው። እኔ ቅዳሜ ቀን ዲዩቲ ነኝ፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ በጊዜ ልወጣ ተስማምተናል። ፕሮግራሙን የያዘው ክፍል ቅያሪውን አልመዘገበውም። ተረካቢ የለም። ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ አንድም ሰው የለም። በዚያ ላይ አንዲት እናት ደርሳ መጣች። ጥያት እሄዳለሁ? አልሄድም። ወለደች፣ ወንድ ነው፣ ደህና ነው። እኔ ግን ያን ቀን ያልጮህኩትን ስልክ ላይ ጮህኩት። በንዴት። ከማዋለድ ይልቅ ንዴቱ ነው ድምፄን የጨረሰው።

አዳራሹ ስደርስ አርባ ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ባለቤቴ ሰውን እንዴት እንዳቆየው ታውቃላችሁ? ለአራት ከፍሎ ዜማ እያስተማራቸው ነበር። ስልሳ የሚሆን ሰው፣ ግማሹ ጋቢ ለብሶ፣ ሶፕራኖ አልቶ ተባብሎ ተደርድሯል! ወጣሁ። ኪቦርዱ ገባ። አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ። ፊፊፊ የሚል አየር። ሁለተኛም ሞከርኩ። አየር። ከኋላ አንድ ሰው «አይዞሽ!» አለኝ። እኔ እናቶቹን በቀን ስንቴ የምላቸውን ቃል። ባለቤቴ አላየኝም፤ እየተጫወተ ዜማውን ወደ ታች አወረደና የኔን ክፍል በባሪቶን ዘፈነው። እኔ ቆሜ አፌን ከፈትኩ ዘጋሁ። በኋላ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ዛሬስ በጣም ስስ አድርገሽ ነው የዘፈንሽው» አሉኝ።

አስራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ታዝዞልኝ። አስራ አንድ ቀን! ባለ መስመር ደብተር ገዛን። የምፈልገውን እጽፋለሁ። ደብተሩ ዛሬም ቤት አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ወጡ ጨው አንሶታል» ይላል። ሁለተኛው ላይ «አልኩህ እኮ» ይላል። አራተኛው ቀን ተጣላን፣ በጽሑፍ። እሱም ለፍትሐዊነት ብሎ ሳይናገር ጻፈ። ሦስት ገጽ ጻፈልኝ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ የመምህር ነገር። እኔ መልሴ አንድ ቃል ነበር፦ «እሺ»። ሳትጮሁ መጣላት እንዴት አድካሚ እንደሆነ ሞክሩት። እስክሪብቶ ስትፈልጉ ንዴቱ ይበርዳል። ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷ ነው፣ ማንበብ አትችልም፣ ግን አስተርጓሚ ሆነች። ፊቴን ታይና «አባዬ፣ እማዬ ተቆጥታለች ትላለች» ትለዋለች። አንዳንዴ አልተቆጣሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው። አንዳችን ከባድ ቀን ካለን ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቱ ዝም ይላል። ጠብ ካለ ይቀጠራል። እውነቴን ነው፣ ጠብ በቀጠሮ። «ይኼን ሐሙስ እንጣላበት» እንባባላለን። ሐሙስ ሲደርስ ግማሹን እንረሳዋለን። ያልረሳነው ደግሞ እውነተኛው ነው፣ እሱን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። እናንተ ባለትዳሮች፣ በቀን ስንት ድምፅ ለጠብ ታወጣላችሁ? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያ አስራ አንድ ቀን ያነበብኩት አንድ ሰው አለ። ቦሮዲን፣ ሩሲያዊ። ሐኪም ነው፣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሚስቱ ፒያኖ ተጫዋች ናት። እ.ኤ.አ. በ1872 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሴቶችን አዋላጅ አድርጎ የሚያሠለጥን ኮርስ ሲከፈት ኬሚስትሪ ካስተማሩት አንዱ እሱ ነው። አዋላጆች! የኔ ሰዎች! ሙዚቃ የሚጽፈው ማስተማር እስኪያቅተው ሲታመም ነበር። አንድ ኦፔራ ጀምሮ አስራ ስምንት ዓመት ሲሞክረው ኖረ፤ ሳይጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1887 ሞተ። ጓደኞቹ ናቸው የጨረሱለት። ሌላ ሰው ይኼን ሲያነብ «ያሳዝናል፣ ተበታተነ» ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ ለባለቤቴ ምን ብዬ ጻፍኩለት? «ስንት አዋላጅ አስተማረ ይሆን?» እሱ ከሥር ምን ብሎ መለሰ? «ኦፔራውን ግን መጨረስ ነበረበት።» እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ለሐሙስ ቀጥረነው በየሐሙሱ ይተላለፋል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ። አልበርት ሽዋይትዘር ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በሠላሳ ዓመቱ ሕክምና መማር ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1913 ጋቦን፣ ላምባሬኔ ወረደ። ሚስቱ ሄለነም ነርስነት ተምራ አብራው ሄደች። ወደ አውሮፓ እየተመለሰ ኦርጋን ተጫውቶ ሆስፒታሉን ይደጉም ነበር። የእኛዋ ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ከሸክላቸው የተገኘውን ለችግረኞች ሰጥተዋል። እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። ደሞዙ ነው ዘፈኑን የሚደጉመው። ሠርግ ላይ ብንጠራ ሁለተኛው ዜማ ላይ «ሞቅ ያለ የለም ወይ?» ይሉናል። የአዳራሽ፣ የወንበር፣ የባጃጅ ከፍለን የሚተርፈን አንድ ኪሎ ቡና ነው፣ እሱም ያልተቆላ። «ለምን ታደርጉታላችሁ ታዲያ?» ካላችሁኝ መልስ የለኝም። አሁን የሚመጣውን ስሙና እናንተ ንገሩኝ።

ባለቤቴ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አሳየኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ተናግሬያለሁ። የዛሬ በጀቴ ይኼው ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ሁለቱ ባለትዳሮች አብረው ይዘፍናሉ» ተብሎ ተጽፏል፣ አይቼዋለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ናይት እገባለሁ፤ ማዋለጃ ክፍል ሁለት እናቶች ይጠብቁኛል፣ ከሰዓት ተደውሎ ተነግሮኛል። ስለዚህ የሚዘፍነው እሱ ነው። እኔ ሜትሮኖም ሆኜ በእጄ እመታለታለሁ።

ባሪቶን ነው። ከኋላም ይሰማል። ዝናቡ ሳይጀምር ቶሎ በል።